ቃጭል ያሰርኩባት ጭላዳ

ኮሶዬ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ፎቶ የምጠላ ሰው አይደለሁም! ማን ትጠያለሽ አለሽ ትይኝ ይሆናል፤ ማንም አላለኝም። አንቺም በደብዳቤሽ አላልሽኝም። ግን ሰው አፉን ሳይከፍት የሚለው ነገር አለና ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። ግድግዳዬ ላይ ስንት ፎቶ ተሰቅሏል! የወንድ አያትሽ አለ፣ የጳጳሱ አለ፣ ጎረቤቴ አያ ታከለ ወታደር ቤት ሳሉ የተነሡት አለ። ጠመንጃው የሰው ነው፣ ጫማውም የሰው ነው፣ ጢማቸው ብቻ የራሳቸው ነው። ፎቶ የምጠላ ብሆን ይህን ሁሉ እሰቅል ነበር? አልሰቅልም። አለቀ።

አሁን ሰላምታ። ለልጅ ልጄ ለምስጢር ምስጋናው፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ዳገት ሲያይ ነው እንጂ የሚለግመው ቁልቁለት ላይ ሸጋ ነው። ገብርኤል ባለሽበት ይቁምልሽ፣ በረዶ ላይ ስትረግጪ እግርሽን ይያዝልሽ።

ደብዳቤሽን ባለሚኒባሱ አዳነ ከጎንደር ፖስታ ቤት አመጣልኝ። ካላነበብሽልኝ አልሄድም ብሎ በር ላይ ቆመ። "አንበሳ ፎቶ ልታነሣ ኬንያ ትሄዳለች" ስለው፣ "እማማ፣ አንበሳው እሺ ብሏል?" አለኝ። ይኼ ልጅ ከማኪናው ይልቅ ምላሱ ነው የሚሮጠው።

እውነትሽን ነው ግን? ሳፋሪ ብለሽ የጻፍሻትን ቃል ሦስቴ አነበብኳት። ማኪና ውስጥ ተቀምጦ አውሬ ማየት ነው አልሽኝ። አይ ጊዜ! እኛ አውሬ እንዳናይ ስንት ዘመን አጥር አጠርን፣ ይኸው እናንተ ለማየት ባሕር ትሻገራላችሁ። ዝሆኑ እሺ፣ ቀጭኔዋም ቆንጆ ናት ይባላል። ጅብ ግን ፎቶ የሚያነሣ ካለ ከነቤተሰቡ እዚህ ይምጣ፤ አጥሬ ሥር በነፃ አለ።

ደግሞስ ጭላዳ ምነው ተረሳ? ጠዋት ጠዋት ከገደሉ መቶ ሁለት መቶ ሆነው ይወጣሉ፤ ደረታቸው ቀይ፣ ጎፈሯቸው የመኳንንት ካባ ይመስላል። ድሮ ፈረንጆቹ ከጎንደር እየመጡ በሆዳቸው ተኝተው ያነሷቸው አልነበር? መጥተሽ አንሺ አላልኩሽም። ጭላዳ አለ ነው ያልኩሽ።

በስልክ ድምፅ ላኪልኝ ያልሽው አይሆንልኝም። ስልክ የሚነካካልኝ ጎረቤት ነው፤ ድምፅሽን እኔ ሳልሰማው መንደሩ ይሰማዋል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ትበቃኛለች። ቢዘገይም ወረቀት አፉን ይይዛል።

ስትችይ ወፍራም ሻርፕ ላኪልኝ፤ ጥቁር ይሁን። አውሮፕላኑስ በአዲስ አበባ ነው የሚያልፈው? እንዲያው ለማወቅ ነው።

አያትሽ አየለች


በርገን፣ ኖርዌይ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለእማማ አየለች፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም እንዲሻልዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጧል። ሥራዬ አሁንም አዛውንቶች መጦሪያ ቤት ነው።

ስለ ጉዞው ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ። ስምንት ነን፣ ሁላችንም የፎቶግራፍ ክበብ አባላት። ነሐሴ 20 ኬንያ ገብተን ዐሥር ቀን ማሳይ ማራ በሚባል ዛፍ አልፎ አልፎ ብቻ በሚታይበት የሣር ሜዳ ላይ እንቆያለን። መኪናችን ጣሪያው ይከፈታል። ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ መስኮቱ ላይ ባቄላ የተሞላ ከረጢት ይደረግና ሌንሱ እሱ ላይ ይተኛል። ለልምምድ እዚህ ወደብ ላይ የባሕር ወፎችን ሳነሣ ነው ክረምቱን ያሳለፍኩት።

የሚመራን ሰው ሐምዛ ይባላል፣ የናይሮቢ ሰው ነው። በኢንተርኔት ሰብስቦ ሕጉን ነገረን። ከመኪና አይወረድም፣ አውሬ አይጠራም፣ ፍርፋሪ አይጣልም። ከሁሉ የያዝኩለት ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ነው፤ "እንስሳው እናንተን አይቶ ከሮጠ፣ ያ ፎቶ ነውራችሁ ነው" አለን።

ማታ ማታ ደግሞ እያንዳንዳችን በሕይወታችን ስለምናውቀው አንድ እንስሳ እንድናወራ ተስማምተናል። እኔ ትንሽ ሳለሁ ይነግሩኝ የነበረውን ቃጭል የታሰረባትን ጭላዳ ታሪክ ላወራ አስቤ ነበር። በጣም እንስቅ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ መጨረሻውን ግን ረሳሁት። ይጻፉልኝ።

አውሮፕላኑ ቦሌ አራት ሰዓት ይቆማል። ወደ ኮሶዬ የምመጣበት ቀን አላገኘሁም።

ሻርፑን እልካለሁ። እግዚአብሔር ይጠብቅዎት።

ምስጢር


ኮሶዬ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዘገየሁት በእኔ አይደለም። መንገዱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ አዳነ ማኪናውን አቁሞ ሚስቱን ሲያስመርራት ከረመ። ከዚያ ሕማማት ሆነ። በሕማማት ደብዳቤ አይጻፍ የሚል የለም፤ ግን ስግደት አለ፣ ይኼ ጉልበት አለ። ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ከዚያ ደግሞ… እሺ ይሁን፣ ዘገየሁ።

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ ልጄ። ጾም ፈትተሻል? እዚያ አገር ዶሮው ያለ ጩኸት ነው አሉ የሚታረደው።

"እንደምን ሰነበቱ" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሸጋ ነው፣ አስተዳደግ ነው። ድሮ ግን "አንቺ እማማ" እያልሽ ጀርባዬ ላይ ወጥተሽ ሹሩባዬን ትጎትቺ ነበር። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

የባቄላውን ነገር ለሴቶቹ ነግሬያቸው ጉድ ፈላ። ወርቅውሃ፣ ጎረቤቴ ያቺ ድምፃሟ፣ "እኛ ለሹሮ አጥተን እነሱ ለማኪና መስኮት ትራስ ያደርጉታል!" ብላ አለቀሰች፤ በሣቅ ነው። ስትጨርሺ ግን ባቄላውን እዚያው አትጣይው፤ ላገኘሽው ሰው ስጪ።

እሺ፣ ጭላዳዋ። ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነኝ። ጥቅምት ነው፣ ገብሱ ደርሷል። ጭላዳው ከገደል እየወጣ ማሳውን ይመለጥጠው ጀመር። ጮህን፣ በወንጭፍ ወረወርን፣ ሌሊት ሌሊት አጥሩን ደጋገምን፣ ወይ ፍንክች! የኛ አገር ዘዴ ደግሞ አለ፤ አንዷን በወጥመድ ይዘው አንገቷ ላይ ቃጭል ያስሩና ይለቋታል። አያ ታከለ አንዲት ጎረምሳ ጭላዳ ያዙ። ፊቷን በጋቢ ሸፈኑት። ከበጎቻችን አንዷን ቃጭሏን ፈታን። "ማን ያስር?" ሲባል ወንዶቹ እርስ በእርስ ተያዩ፤ ጥርሷን ፈርተው ነው። እኔ አሰርኩ። "ይቺ ሙሽራስ ወንድ ናት!" ተባለልኝ።

ስንለቃት ወደ ወገኖቿ ሮጠች። ቃጭሉ ሲጮህ መንጋው በረገገ። እሷ ትከተላለች፣ እነሱ ይሸሻሉ። ትከተላለች፣ ይሸሻሉ። እኛ በሣቅ ፈረስን። አንቺም እዚች ጋ ስደርስ ነበር ሆድሽን ይዘሽ የምትንከባለይው።

መጨረሻው ገብሱ ተረፈ። ሌላ መጨረሻ የለውም።

እናትሽን ይመኙሽን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አየኋት። በርበሬ እየገዛች ነበር። ከስታለች። ጠራኋት፣ አልሰማችኝም፤ ገበያ ነው፣ ጫጫታ አለ። ሳልጠራት ቀርቼም ይሆናል።

ሻርፑን ተይው፣ ሻርፕ አለኝ። መነጽር ላኪልኝ ልልሽ ነበር፣ እሱንም ተይው። ያን ቀን… ልጄ ምስጋናው አፈር በገባ ቀን ያነሣሻቸው ፎቶዎች አሉሽ ወይ? ካሉሽ አንዱን ላኪልኝ። የልጄ ለቅሶ ነው፤ እናቱ ብታየው ምን አለበት? ከሌሉሽም ምንም አይደለም።

አያትሽ አየለች


በርገን
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ አየለች፣

ጤናዎን ያብዛልዎት። ፎቶዎቹ አሉኝ።

አባዬ በተቀበረ ቀን ለምን ፎቶ እንዳነሣሁ በስምንት ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልንገርዎት። አባዬን ሣጥን ውስጥ ሆኖ በዓይኔ ማየት አልቻልኩም ነበር። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ግን ቻልኩ። በዚያች ትንሽ መስኮት በኩል ነው አባቴን የቀበርኩት። እንባዬም ከካሜራው ጀርባ ነበር፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አያየውም።

እርስዎ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥተው፣ "ሰዎች እዩልኝ! ዓይኗ ደረቅ ነው! ይቺ የምስጋናዬ ልጅ አይደለችም፣ እናቷ ከማን እንዳመጣቻት ትጠየቅልኝ!" ሲሉ ጣቴ ካሜራው ላይ ነበር። ዐውቄው ይሁን ሳላውቀው ተጫንኩት። የላክሁልዎት ፎቶ ያ ነው። ሌሎችም አሉ፤ እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የማየው እሱን ነው።

እማዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ኮሶዬ ኖረች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ከዚያ አዘዞ ገባች። እኔ ከአገር ልወጣ ስል ልሰናበትዎት መጥቼ በርዎን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። አያ ታከለ በመስኮታቸው ብቅ ብለው "ተኝታለች" አሉኝ። እኩለ ቀን ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ ብዬ አይደለም። ፎቶ ስለጠየቁኝ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ገብሱ አይመስለኝም፣ እማማ። እሷስ? ጭላዳዋስ ምን ሆነች?

ምስጢር


ኮሶዬ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተኝቼ አልነበረም።

ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። አያ ታከለን "ተኝታለች በሏት" ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ባይዋሹልኝ ኖሮ እከፍት ይሆን እያልኩ በእሳቸው ላሳብብ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም። ሦስቴ ስታንኳኪ ሦስቱንም ቆጠርኩ። ከዚያ ጫማሽ ጭቃው ላይ ቧጭ ቧጭ እያለ ሄደ። ከመዝጊያው ቀዳዳ ሆኜ ጀርባሽን አየሁት። አካሄድሽ የምስጋናው ነው። ትከሻውን ወደ ግራ ጣል አድርጎ እንደሚሄደው፣ ልክ እንደሱ። ያን ቀን ለቅሶው ላይ ያን ቃል ስናገርም ዐውቅ ነበር፤ ግንባርሽ የእሱ መሆኑን እያየሁ ነው ያልኩት። ልጄ ሞቶብኝ የምነክሰው ሰው ፈለግሁ። እናትሽንና አንቺን አገኘሁ።

አፍሬያለሁ። ይቺን ቃል ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ፊደሏ ከብዳኝ አይደለም።

ፎቶሽን አዳነ ሲያመጣልኝ "እማማ አሳዪኝ" አለ። "የበረዶ ፎቶ ነው" ብዬ ዋሸሁት። ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት። ምስጋናዬን አያለሁ ብዬ ነበር፤ ምስጋናዬ የለበትም። እኔ አለሁ። አፌ ተከፍቶ፣ ጣቴ ተቀስሮ፣ ነጠላዬ ከራሴ ወድቆ። የሰው ልጅ ሲናገር አፉ እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር። ኋላዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ አንቺ ዞረዋል። ወርቅውሃ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች፤ ልጇን ክንዱን ይዛ ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ ምን እንዳትነኪው እንደሆነ እንጃ። ይመኙሽ ብቻ አንቺን አታይም፤ እኔን ነው የምታየኝ።

ያን የሴቶቹን ፊት ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ ልጄ። የት እንዳየሁት እስካስታውስ ሁለት ቀን አልቆየሁም። ያቺ ባለቃጭሏ ወደ ወገኖቿ ስትሮጥ መንጋው እንዲያ ነበር ያያት። እኔ ያን ጊዜ ከኋላዋ ሆኜ ነው የሳቅሁት፤ በእሷ ዓይን አላየሁትም። አንቺ በእሷ ዓይን ያየሽውን ላክሽልኝ።

መጨረሻውን ጠየቅሽኝ። ይኸው።

ቃጭሉ ከገደሉ ሥር ሲጮህ ሁለት ሳምንት ሰማነው። መንጋው ወዲህ ሲሆን እሱ ወዲያ፣ መንጋው ወዲያ ሲሆን እሱ ወዲህ። ማታ ማታ ብርዱ ሲመጣ እነሱ እላይ እላያቸው ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ፤ እሷን የሚያቅፋት የለም። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ማሳው ላይ ብቻዬን ሳለሁ ቃጭሉን ቅርብ ሰማሁት። ቀና ብል ድንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ገብሱን አትበላም። ከስታ፣ ጎፈሯ ተንጨብርሮ፣ እኔን ታያለች። ትንሽ ቀረብ አለች። ደግሞ ቀረብ አለች። አሁን ሳስበው እንድፈታላት ነው የመጣችው። ወገን ስላጣች ያሰረቻት ዘንድ መጣች። እኔ ግን ድንጋይ አነሣሁ። አልሳትኳትም። ከዚያ ወዲያ ቃጭሉን የሰማው የለም።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ስነግርሽ ሁልጊዜ ገብሱ ላይ አቆም ነበር፤ ልጅ ነሽ፣ ትስቂያለሽ፣ እኔም ከአንቺ ጋር ስስቅ ይረሳኝ ነበር።

እና ባለፈው ሳምንት አዘዞ ሄድኩ። ለአዳነ ጉልበቴን ልታሸት ነው አልኩት። ይመኙሽ በሩን ከፈተችልኝ፤ እኔ ያልከፈትኩትን እሷ ከፈተችልኝ። ውኃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። "ይመኙሽ፣ ያን ቀን ያልኩት…" ብዬ ስጀምር እጇን አነሣች። "እማማ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ቤቴ ድረስ መጥተሽ በጆሮዬ አትንገሪኝ። ያን ቀን በጆሮዬ አልተናገርሽውም። ለነሱ ነው የነገርሻቸው፤ ሄደሽ ለነሱ ንገሪያቸው።" ከዚያ እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። ክንዴን ይዛ መንገድ አሻገረችኝ። ይኼ ክንድ ሲቃጠል ሰነበተ።

ዛሬ የገብርኤል ማኅበር ነው፣ ተራው የእኔ ነው። ያን ቀን ለቅሶው ላይ ከነበሩት ሴቶች ሁለቱ ሞተዋል፤ ዘጠኙ ይመጣሉ። ዳቦው ሳይቆረስ እቆማለሁ። መጀመሪያ "የምስጋናዬ ልጅ ናት፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ" እላለሁ። ከዚያ ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ አዞረዋለሁ፤ እያንዳንዷ ራሷን ትፈልግበት። ወርቅውሃ ትጮኻለች፣ ዐውቃለሁ። "እኛን ምን አደረግሽን!" ትላለች። ትበል። ምናልባት ከዛሬ በኋላ ቧንቧው ጋ ስደርስ የሚያቋርጡት ወሬ የእኔ ይሆናል። ሰባ ዓመት አልፎኝ ቃጭል ላስር ነው። አንገቴ ይቻለው እንደሆነ እናያለን።

ምላሴ እንዳትከዳኝ ብዬ ነው ቀድሜ ለአንቺ የጻፍኩት። ይቺ ምላስ ለክፉ ጊዜ አትሰንፍም፤ ለደግ ጊዜ ነው የምትንተባተበው። አሁን በወረቀት ነግሬሻለሁና ወደ ኋላ ብል ውሸታም ትይኛለሽ።

አንቺ ወደ አንበሳሽ ሂጂ። በቦሌ ስታልፊ ነይ አልልሽም፤ ያን የመጠየቅ አፍ የለኝም። ማታ ተራሽ ሲደርስ ግን የጭላዳዋን ነገር ከነመጨረሻው ንገሪያቸው። ድንጋዩን አትዝለይልኝ። ማን ወረወረው ካሉሽም ስሜን ንገሪያቸው፣ አየለች ትባላለች፣ አያቴ ናት በያቸው። አያቴ ናት ካልሽ እንኳ ያ ይበቃኛል። ለዚያ ለሐምዛም እጅ ነሥታለች በይልኝ፤ እሱ ያለው እውነት ነው፤ ነውሩ የሮጠው አይደለም…

በሩ ተመታ። ወርቅውሃ ናት፤ ሌሎቹም ከኋላዋ አሉ፣ የጫማቸውን ጭቃ ደረጃው ላይ ሲጠርጉ ይሰማኛል። "አየለች! አንቺ አየለች! ዝናብ ጨረሰን እኮ፣ ተኝተሻል እንዴ?" ትላለች።

አልተኛሁም። መጣሁ።